ማሽን ሳይገዙ ፋክስ መላክና መቀበል

«ሰነዱን በፋክስ ላኩልን።» አሜሪካ የሚኖር ሰው ይህን ከሐኪም ቤት፣ ከፋርማሲ፣ ከኢንሹራንስ ድርጅት ወይም ከግብር ቢሮ አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም። ሰነዱ ስልኩ ውስጥ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል። የኢሜይል አድራሻ ሲጠይቅ ግን «በኢሜይል አንቀበልም» ይባላል። ቤቱ የፋክስ ማሽን የለም፤ እንዲያውም ብዙ ቤት መደበኛ የስልክ መስመር ራሱ የለም። ደግነቱ ሁለቱም አያስፈልጉም። በየቀኑ መልእክት ከምንጽፍበት የኢሜይል ፕሮግራም ሳንወጣ ፋክስ መላክም መቀበልም እንችላለን።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ካልገባን ሰነዱ ጠቁሮ፣ ፊደሉ ተሰባብሮ ወይም ጭራሽ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ኢሜይል የሚልከው ፋይል ነው፤ ፋክስ የሚልከው ግን የገጽ ሥዕል ነው፣ ያውም ጥቁርና ነጭ ብቻ። ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ልዩነት ነው።

ቢሮዎቹ ለምን ፋክስን ሙጥኝ አሉ?

ፋክስ አርጅቷል ቢባል ሐሰት አይደለም። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ሥር ያሉ ሆስፒታሎች ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ አዲስ የፋክስ ማሽን እንዳይገዙ ተከልክለው፣ እስከ ማርች 2020 መጨረሻ አጠቃቀሙን እንዲያቆሙ ታዘው ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን ፋክስ አሁንም በሥራ ላይ ነው። የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀው የ1996ቱ ሕግ፣ በአጭር ስሙ ሂፓ፣ ተገቢው ጥንቃቄ እስከተደረገ ድረስ የሕክምና መረጃን በፋክስ መላክን አይከለክልም። የአንዱ ሆስፒታል የኮምፒውተር ሥርዓት ከሌላው ጋር ባይግባባ እንኳ የፋክስ ማሽን ከፋክስ ማሽን ጋር ይግባባል። አካውንት መክፈት፣ የይለፍ ቃል መቀየር የሚባል ነገር የለውም፤ ቁጥር ካለ ይበቃል።

የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤትም ፋክስ ይቀበላል። ለምሳሌ አንድ ድርጅት የግብር መለያ ቁጥር ለማግኘት የሚሞላው ኤስኤስ-4 የተባለው ቅጽ በፋክስ ሊላክ ይችላል። ዋና የሥራ ቦታው ከአሜሪካ ውጭ የሆነ አመልካች በድረ ገጹ ማመልከት ስለማይፈቀድለት በስልክ፣ በፋክስ ወይም በፖስታ ነው የሚያመለክተው። አዲስ አበባ ሆኖ አሜሪካ ውስጥ ድርጅት የሚያቋቁም ሰው ከፋክስ ጋር የሚገናኘው በዚህ በኩል ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ራስጌ ላይ ስልክ፣ ፋክስና ፖ.ሳ.ቁ. ተከታትለው ተጽፈው እናገኛለን። ቁጥሩ ስለተጻፈ ግን ማሽኑ ዛሬም ይሠራል ማለት አይደለም። ወደዚያ ከመላክ በፊት ደውሎ መጠየቅ ድካም ይቀንሳል።

በመስመሩ ላይ የሚሄደው ምንድን ነው?

የፋክስ ሐሳብ ስልክን ይቀድማል። ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ቤይን ጽሑፍን በኤሌክትሪክ ሽቦ ገልብጦ ለማስተላለፍ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው፤ ቤል ለስልክ የፈጠራ መብት ያገኘው ከዚያ 33 ዓመት ቆይቶ ነው። ዛሬ ማሽኖች የሚግባቡበት ደንብ ግን በ1980 የወጣው፣ ግሩፕ 3 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው። ፋክሱ ከማሽን ቢወጣም ከኢሜይል ቢነሣም በስልክ መስመር ላይ የሚናገረው ይህንኑ ቋንቋ ነው።

በዚህ መስፈርት አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች በቀጫጭን መስመሮች ይከፋፈላል። በኤፎር ወረቀት ስፋት እያንዳንዱ መስመር 1,728 ነጥቦች አሉት። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ጥቁር ነው ወይ ነጭ፤ ግራጫ የለም፣ ሰማያዊ የለም፣ ቀይም የለም። ቁመቱን በተመለከተ በመደበኛው ጥራት በአንድ ኢንች ውስጥ 98 መስመሮች ያህል ይገባሉ፤ «ፋይን» በሚባለው ከፍ ያለ ጥራት 196 ይሆናሉ። በ12 የፊደል መጠን የተጻፈ አንድ የጽሑፍ ረድፍ በመደበኛው ጥራት የሚደርሰው 16 መስመር ያህል ብቻ ነው ማለት ነው።

ማሽኑ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አይልክም። «ይህን ያህል ነጭ፣ ቀጥሎ ይህን ያህል ጥቁር» እያለ አሳጥሮ ነው የሚልከው። ስለዚህ ነጭ የበዛበት ገጽ በፍጥነት ያልፋል። ፎቶግራፍ ያለበት ገጽ ግን ግራጫው ሁሉ ወደ ተበታተኑ ጥቃቅን ነጥቦች ስለሚለወጥ የሚያጥር ነገር አይገኝም። ስለዚህ ገጹ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ በወሰደ ቁጥር ደግሞ መስመሩ መሃል ላይ የመቋረጥ ዕድሉ ይጨምራል።

ኢሜይሉ እንዴት ፋክስ ይሆናል?

ኢሜይል ወደ ስልክ ቁጥር፣ ፋክስም ወደ ኢሜይል ሳጥን በቀጥታ መሄድ አይችሉም። በመሃል የሚያገናኛቸው አገልግሎት ሰጪ ያስፈልጋል። ይህ ድርጅት በአንድ በኩል ከኢንተርኔት፣ በሌላ በኩል ከስልክ መረብ ጋር የተያያዙ ሰርቨሮች አሉት። የእርስዎ ኢሜይል ሲደርሰው አባሪውን ይከፍታል፣ እያንዳንዱን ገጽ ወደ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ይለውጣል፣ ከዚያም የተቀባዩን ቁጥር ይደውላል። ወዲያ ማዶ ማሽን ካነሣ ሁለቱ በድምፅ ምልክት ይተዋወቃሉ፤ በጆሮ የምንሰማው ያ ጩኸት ይህ ነው። በፍጥነትና በጥራት ይስማሙና ገጽ በገጽ ይላላካሉ። ተቀባዩ ማሽን ከእያንዳንዱ ገጽ በኋላ «ደርሶኛል» የሚል ምልክት ይመልሳል። በመጨረሻ አገልግሎት ሰጪው ውጤቱን በኢሜይል ይነግርዎታል።

አገልግሎቱን ለማግኘት ከእንዲህ ያለ ድርጅት ጋር መመዝገብ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ወርኃዊ ክፍያ አላቸው፤ በክፍያው ውስጥ የሚፈቀደው የገጽ ብዛት የተወሰነ ነው። አንዳንዶቹ ጥቂት ገጽ በነጻ ያስልካሉ፤ በምትኩ ሽፋን ገጹ ላይ የራሳቸውን ማስታወቂያ ሊለጥፉ ይችላሉ። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚልክ ሰው ወርኃዊ ክፍያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያስፈልገው መላክ ብቻ ነው ወይስ መቀበልም ጭምር የሚለውን ቢለይ ይጠቅመዋል። የራስ የፋክስ ቁጥር የሚያስፈልገው ለመቀበል ነው።

ለመላክ

አዲስ ኢሜይል ይክፈቱ። ተቀባይ በሚለው ቦታ የፋክስ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ የ@ ምልክትን፣ ከዚያም አገልግሎት ሰጪው የነገረዎትን የአድራሻ መጨረሻ ይጻፉ። ቁጥሩ ክፍተት፣ ሰረዝና ቅንፍ ሳይኖረው የአገሩን መለያ ይዞ መጻፍ ይኖርበታል። ለአሜሪካ ቁጥር ከ1 ተነሥተው አሥሩን አሃዞች ያስከትላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በ011 የሚጀምር ቁጥር ከሆነ 25111 ብለው ይቀጥላሉ፤ የፊተኛው ዜሮ ይወድቃል። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ሰነዱ ሌላ ሰው ዘንድ ሊደርስ ስለሚችል፣ ቁጥሩን በቃል ከመተማመን ከቢሮው ቅጽ ላይ ማመሳከሩ ይሻላል።

የሚልኩበት የኢሜይል አድራሻ ሲመዘገቡ የሰጡት ራሱ መሆን አለበት። አገልግሎቱ ደንበኛውን የሚለየው በአድራሻው ስለሆነ፣ ከሌላ አድራሻ የመጣውን ብዙ ጊዜ አይቀበልም።

የኢሜይሉ ርዕስና ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ሽፋን ገጹ ላይ ይታተማሉ። ስለዚህ እዚያ ላይ ለማን እንደሆነ፣ ከማን እንደሆነ፣ ስንት ገጽ እንደተላከና የሚደወልበትን ስልክ ይጻፉ። ቢሮው የጉዳይ ቁጥር ሰጥቶዎት ከሆነ ያም ይግባ። ፋክሱ ሊደርስ የሚችለው ብዙ ሰው በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ ወዳለ ማሽን ነውና የበሽታ ስም ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሽፋኑ ላይ አይጻፍ።

ኢሜይል ሲላክ ከሥር በራሱ የሚለጠፈው ፊርማም ችግር ያመጣል። በፊርማው ውስጥ የመሥሪያ ቤት አርማ ወይም ሥዕል ካለ፣ አገልግሎቱ እንደ አባሪ ቆጥሮ ራሱን የቻለ ገጽ ሊያደርገው ይችላል። ከሽፋን ገጹ ሌላ ሦስት ገጽ ልከው አራት ከደረሰ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ፋክስ ሲልኩ ፊርማውን ያጥፉት። የቆየ መልእክት መልስ ላይ ተነሥተው አይላኩ፤ የድሮው ምልልስ ሁሉ አብሮ ሊታተም ይችላል።

አባሪው አንድ ፒዲኤፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ገጾቹ በቅደም ተከተል እንዲሆኑ። የአይፎን ካሜራ በራሱ ቅርጸት የሚያስቀምጠውን ፎቶ የማይከፍቱ አገልግሎቶች አሉ። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ፒዲኤፍ ደግሞ ሰርቨሩ ሊከፍተው ስለማይችል አይላክም።

የአማርኛ ሰነድና ክብ ማኅተም

ለአማርኛ ተጠቃሚ የተለየ ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። በወርድ የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ እንዳለ ቢያያዝ፣ ገጹን ወደ ሥዕል የሚለውጠው የድርጅቱ ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ ላይ የግዕዝ ፊደል ከሌለ በጽሑፉ ፋንታ የባዶ ሣጥኖች ሰልፍ ይወጣል። እንደ ድሮው ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፊደሎች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይሆናል። መፍትሔው ጽሑፉን ራስዎ ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ነው፤ ያን ጊዜ ፊደሉ ከሰነዱ ጋር ታቅፎ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥራት ነው። የእኛ ፊደል ድምፅ የሚለውጠው በትንንሽ ጭራና ቀለበት ነው። ሉ ከሊ፣ ኩ ከኪ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው። በመደበኛው ጥራት፣ በትንሽ መጠን የተጻፈ ጽሑፍ ላይ፣ ጭረቷ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ብትሆን ነው። ስም ወይም የቤት ቁጥር የሚነበብበት ሰነድ ከሆነ በአገልግሎቱ ቅንብር ውስጥ «ፋይን» የሚለውን ይምረጡ፤ ራስዎ የሚጽፉት ከሆነም የፊደሉን መጠን ከ12 አያሳንሱት።

ሦስተኛው ማኅተም ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ ወይም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ክብ ማኅተም በፊርማና በስም ላይ ያርፍበታል። በዓይናችን ማኅተሙን ከፊርማው የምንለየው በቀለሙ ነው። ፋክስ ቀለም አያውቅም፤ ሁለቱም እኩል ጥቁር ሆነው ስሙ ከሥራቸው ይሰወራል፤ ወይም ማኅተሙ ፈዛዛ ከሆነ ጨርሶ ይጠፋል። በማርከር የተቀለመ መስመርም እንዲሁ ጥቁር ሰረዝ ሊሆን ይችላል፤ በእርሳስ የተጻፈ ደግሞ ላይታይ ይችላል።

ስለዚህ ሰነዱን ከመላክዎ በፊት ፋክሱ በሚያየው ዓይን ይዩት። የስልክ ፎቶ ሳይሆን የሰነድ ስካን የሚያደርግ መተግበሪያ ይጠቀሙ፣ «ጥቁርና ነጭ» የሚለውን ይምረጡ፣ የወጣውን ገጽ አጉልተው ያንብቡ። በዚያ ላይ የማይነበብ ነገር በፋክስ ላይም አይነበብም። የብርሃን ልኩን ጨምረው ወይም ቀንሰው እንደገና ይሞክሩ። ማኅተሙ ስሙን ከሸፈነው፣ ከሰነዱ ጋር ስሙንና ኃላፊነቱን በግልጽ የሚያሳይ ትርጉም ወይም ማብራሪያ ገጽ ያያይዙ። የመታወቂያ ካርድ ከሆነ በወረቀት መሃል አጉልተው ይላኩት፤ ከበስተጀርባው ያለው ጌጥ ወደ ነጥብ ተለውጦ ፊቱንም ቁጥሩንም እንዳይውጠው ብርሃን ይጨምሩለት።

ለመቀበል

አገልግሎት ሰጪው የሚያከራየዎት ቁጥር ለላኪው እንደማንኛውም የፋክስ ቁጥር ነው። ሐኪም ቤቱ ወደዚያ ሲደውል የድርጅቱ ሰርቨር ያነሣል፣ ገጾቹን ይቀበላል፣ ወደ ፒዲኤፍ ወይም ቲፍ ወደሚባል የሥዕል ፋይል ይለውጥና በኢሜይል ይልክልዎታል። ኮምፒውተርዎ ቢጠፋም፣ እርስዎ በሥራ ላይ ቢሆኑም ፋክሱ ይደርሳል። መስመር ተይዟል የሚባለውም ችግር እምብዛም አይገጥምም።

የደረሰዎት ፋይል ግን ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል መሆኑን አይርሱ። ቃል ቢፈልጉበት አያገኝም፣ አንቀጽ ቢገለብጡም እሺ አይልም። ጽሑፉ የግድ ካስፈለገ ከሥዕል ፊደል የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ በነጻ የሚገኘው ቴሰራክት አማርኛንም ለማንበብ የተዘጋጀ ነው። ይሁን እንጂ በፋክስ ከደበዘዘ ገጽ የሚያወጣውን ቁጥርና ስም ከዋናው ጋር ሳያመሳክሩ አይጠቀሙበት።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው «ፋክስ ደርሶዎታል» እያለ የሚመጣ የአጭበርባሪዎች ኢሜይል ነው። የፋክስ ቁጥር የሌለው ሰው ፋክስ በኢሜይል ሊደርሰው አይችልም፤ ስለዚህ ምንም ሳይነካ ያጥፋው። ቁጥር ያለው ሰው ደግሞ የላኪውን አድራሻ ከአገልግሎት ሰጪው አድራሻ ጋር ያስተያይ። አባሪው ዚፕ ወይም የድረ ገጽ ፋይል ከሆነ፣ ወይም ፋክሱን ለማየት የኢሜይል የይለፍ ቃል ከጠየቀ፣ ወጥመድ ነው። ሲጠራጠሩ ማያያዣውን ትተው በራስዎ ወደ አገልግሎቱ ድረ ገጽ ገብተው ይመልከቱ።

ሁለተኛው የቁጥሩ ዕጣ ነው። ክፍያ ሲያቆሙ ቁጥሩ ከእጅዎ ይወጣና ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። ያን ጊዜ ክሊኒኩ በድሮው ቁጥር የላከው የእርስዎ የላቦራቶሪ ውጤት ለማያውቁት ሰው ይደርሳል። አገልግሎቱን ከማቋረጥዎ በፊት ቁጥሩን የሰጧቸውን ሁሉ ያሳውቁ።

በሞደምስ?

ያለ አገልግሎት ሰጪ፣ በራስ ኮምፒውተር የመላክ መንገድም አለ። በዊንዶውስ ላይ ፋክስ ኤንድ ስካን የሚባል ፕሮግራም ከቪስታ ዘመን ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር፤ መልኩም የኢሜይል ፕሮግራም ይመስላል፣ የመግቢያና የመውጫ ሳጥን አለው። ነገር ግን የፋክስ ሞደምና የስልክ መስመር ይፈልጋል፤ የዛሬ ላፕቶፖች ደግሞ ሞደም የላቸውም፣ ለብቻው በዩኤስቢ መሰካት አለበት። ለመቀበል ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ መብራት አለበት። በኢንተርኔት የሚሠራ የቤት ስልክ ላይ ከሆነም ድምፅን ለመጭመቅ የሚደረገው ሥራ የፋክሱን ምልክት ሊያበላሽ ይችላል፤ ለዚህ ሲባል ቲ-38 የተሰኘ ልዩ መስፈርት ወጥቷል፤ የስልክ ድርጅትዎ ይደግፈው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የቆየ መስመርና ብዙ ፋክስ ላለው ቢሮ ይህ መንገድ ያዋጣል፤ ለቤት ግን ልፋቱ ይበልጣል።

ምስጢርና ማረጋገጫ

በኢሜይል የሚላክ ፋክስ በሁለት መንገድ ይጓዛል፤ መጀመሪያ በኢንተርኔት፣ ቀጥሎ በስልክ። የስልኩ ክፍል በተለምዶ አይመሰጠርም። የኢሜይሉ ክፍል ደግሞ ቅጂው በተላኩ መልእክቶች ሳጥንዎ ውስጥና በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ሊቀር ይችላል። የራሱን ሰነድ ለሐኪሙ የሚልክ ታካሚ በሂፓ አይገደድም። የታካሚዎችን መረጃ የሚይዝ ክሊኒክ፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ወይም እነሱን ወክሎ መረጃውን የሚያስተናግድ አስተርጓሚ ድርጅት ግን ከፋክስ አገልግሎቱ ጋር ሕጉ የሚጠይቀውን የጽሑፍ ውል መፈራረም አለበት፤ ተራው የግለሰብ አካውንት አይበቃውም።

ከላኩ በኋላ የሚመጣው ማረጋገጫ ምን እንደሚል ለይተው ያንብቡ። «ተቀብለናል» የሚለው ድርጅቱ ኢሜይልዎን አገኘ ማለት ብቻ ነው፤ ገና አልደወለም። «ደርሷል» የሚለው፣ ከገጽ ብዛት ጋር፣ ተቀባዩ ማሽን ገጾቹን መውሰዱን ይናገራል። «መስመር ተይዟል» ከሆነ ብዙዎቹ አገልግሎቶች ራሳቸው ደግመው ይሞክራሉ። «የፋክስ ምልክት የለም» ካለ ግን ያነሣው ሰው ወይም የድምፅ መልእክት ነው፤ ቁጥሩን ያጣሩ። የጊዜ ገደብ ላለው ጉዳይ ይህን ማረጋገጫ ከሰነዱ ጋር ያስቀምጡ፤ በላዩ ያለው ሰዓት የሌላ ከተማ ሰዓት ሊሆን ስለሚችል፣ የመጨረሻው ቀን ምሽት ሳይደርስ አስቀድመው ይላኩ።

ማረጋገጫው የማይናገረው ነገርም አለ። ማሽኑ ገጹን መቀበሉን እንጂ ገጹ መነበቡን አያውቅም፤ ሙሉ በሙሉ የጠቆረ ገጽም «ደርሷል» ይባልለታል። ስለዚህ ጉዳዩ የሚያሳስብዎ ከሆነ ወደ ቢሮው ይደውሉና ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፤ ስንት ገጽ ደረሰ? በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ስም ይነበባል? ሰነዱ በእኔ መዝገብ ውስጥ ገብቷል? የገጹ ብዛት ልክ ከሆነና ለሌሎቹ ሁለቱ «አዎ» የሚል መልስ ካገኙ፣ የመለሰልዎትን ሠራተኛ ስምና ሰዓቱን ከማረጋገጫው ጎን ይጻፉ። ቢሮው በኋላ «አልደረሰንም» ቢል የሚከራከሩበት ማስረጃ በእጅዎ ይኖራል።